የተሰቀለው ቅል

አንድ ገበሬ ነበረ። አንተ የእርዳታ መጋዘን ኃላፊ ነህና ጥያቄህን በደረቁ ብመልስልህ ከደጄ ሳትርቅ ትረሳዋለህ፤ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማኝ። «የእርዳታ እህል በእውነት ረሃብን ከቤት ያስወጣል ወይስ ሰውን ልመና ያስለምዳል?» ነው ያልከኝ።

ዝናብ በጠፋበት ዓመት ገበሬው ቤት የሚበላ አለቀ። የቀረው አንድ ቅል ማሽላ ነበር፤ እሱም ዘር ነው። በዚያ አገር ሚስት በአውድማ ጊዜ ምርጥ ምርጡን ማሽላ ቅል ውስጥ ጨምራ፣ አፉን በእበት መርጋ፣ ነቀዝ እንዳይገባው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ትሰቅለዋለች። ባልየው ለዘር ሲወጣ ይከፍተዋል እንጂ ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም።

በአገሩ አንድ ሀብታም ነበረ። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽህም። ለተራበው ሁሉ ዱቄት እንዲያድል አዛዡን ላከ፤ ሲልከው ግን «እህል ላለው ቤት እንዳትሰጥ» ብሎ አስጠነቀቀው።

አዛዡ ገበሬው ቤት ገብቶ ቀና ሲል ቅሉን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘር ነው፣ ጌታዬ።»

«ዘር እህል አይደለም እንዴ? እህል ሰቅለህ ትለምናለህ? አታፍርም!» አለና ወጣ። ከደጅ ሆኖ፣ «ነገ በዚሁ አልፋለሁ፤ ያኔ እናያለን» አለው።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ተራራው ላይ ጠቆረ። ዝናቡ ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው። ባልና ሚስት ቅሉ ሥር ተቀምጠዋል። ቀና ብለው እንዳያዩት ሁለቱም መሬት መሬቱን ያያሉ። በመጨረሻ ሚስትየው ትንሿን ልጇን ደረቷ ላይ እንዳስጠጋች፣ «አንተ፣ ማልቀሷን እኮ ተወች» አለችው።

ገበሬው ተነሳ። ቅሉን አወረደና በእጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የተመረገውን አፉን በድንጋይ መታው።

ያን ዕለት ንፍሮ በሉ። በማግስቱ አዛዡ መጣ፣ ባዶውን ቅል አየ፣ «አሁን ገና ተቸገርክ» ብሎ ዱቄቱን ሰፈረለት። ልጅቱ ዳነች። ይህን ልብ በል፤ ዱቄቱ ባይመጣ ትሞት ነበር። ዝናቡም ዘነበ። ዘር የተረፈው ጎረቤት ሲዘራ ገበሬው ካረሰው ማሳ ዳር ቆሞ ዋለ። ዱቄት አይዘራ ነገር!

በዓመቱ ሀብታሙ በር ላይ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነበረ። ሀብታሙ ተናደደ። «አበላሁህ፣ አሁንም መጣህ! ልመና ጣመህ ማለት ነው?»

ገበሬው ከጋቢው ሥር ባዶውን ቅል አውጥቶ ሀብታሙ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ ዱቄትዎ ልጄን አድኖልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱን ለማግኘት ግን ይህን መብላት ነበረብኝ።»

ሀብታሙ ቅሉን አንስቶ ውስጡን አየ። ለገበሬው ዱቄትም ዘርም አሰጠው። አዛዡን ጠርቶም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቅል የተሰቀለበት ቤት ካለ ቀድመህ እዚያ ግባ» አለው። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው እያነሰ ሄደ። ጨርሶ አልጠፋም፤ መሬት የሌለውና ጉልበት የከዳው ይመጣ ነበር፣ እሱንም አበላው።

እንግዲህ ልጄ፣ የአንተ እርዳታ ያ ዱቄት ነው። የዛሬን ረሃብ ያስታግሳል፤ ይህን አትጠራጠር። ረሃቡ ከርሞ እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን ዘሩ ከመበላቱ በፊት የደረሰ እንደሆነ ነው። ሰውየው ዘሩን እስኪበላ ጠብቀህ ከሰጠኸው፣ ከርሞ በርህ ላይ ያቆምከው አንተ ነህ፤ ለማኝ ብለህ አትስደበው።

አዛዡ ማን እንደሆነ አልነግርህም። ትናንት ሰዎችህ ባሏ የሞተባት አንጓች ቤት ገብተው፣ ቅሉን አይተው፣ «እህል አላት» ብለው እንዳለፏት ሰምቻለሁ። ደመናውን እየው። እሷ አሁን ቅሉ ሥር ተቀምጣለች። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አንተ ኪስ ውስጥ ነው። ተነስ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!