ውረጂ

ከጽድ አምባ መንደር ጫፍ ተነሥቶ እስከ ቆላው ወንዝ የሚዘልቀው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ዛሬም ድረስ «ውረጂ» ይባላል። መንገደኛ ስሙን ሲሰማ ከመንገዱ አወራረድ የተነሣ ይመስለዋል። ሰውም ከብቱም፣ ወንዱም ሴቱም የሚወርድበት መንገድ ስሙ ለምን ለአንዲት ሴት ብቻ እንደ ትእዛዝ ሆኖ ቀረ ብሎ ለጠየቀ ግን፣ ሽማግሎቹ ሲወርድ ሲዋረድ የደረሳቸውን እንዲህ ሲሉ ያወሩለታል።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን በጽድ አምባ ቢያድግልኝ የሚባል ባለርስት ነበረ። ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ፣ ጥጥ ልትሸጥ ከቆላ ከወጣች ሴት አንዲት ልጅ ወለደ፤ ስሟንም አንጓች አላት። እናትየዋን ወባ ሲገድላት ሕፃኗን ወደ ቤቱ አምጥቶ ከበኩር ልጁ ከአድማሱ ጋር አሳደጋት። አድማሱ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ እሽኮኮ አድርጎ የሚያዞራት፣ እሾህ ሲወጋት የሚነቅስላት እሱ ነበር ይባላል። እሷም «ወንድምዓለም» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

ቢያድግልኝ ሲሞት ርስቱ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ። በአገሩ ወግ ሴትም እንደ ወንድ ድርሻ አላት፤ ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ግን አባቱ በሸንጎ ፊት «ልጄ ነው» ካላለለት፣ የበኩር ልጁ ምስክርነት ያስፈልገዋል። ቢያድግልኝ ደግሞ ዛሬ ነገ ሲል ሳይናገር ነበር የሞተው። አድማሱ አዲስ ጎጆ ወጪ ነበርና፣ ምንጩ ሥር ያለው ለም እርሻ ለሁለት ሲከፈል እየታየው እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።

ሽማግሎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠው አስነሡት።

«ይህች ልጅ ከማን ነው የምትወርደው?» አሉት።

«ከአባቴ አትወርድም» ብሎ ማለ።

አንጓች በደንብ ያላያት መስሏት ጠጋ አለች። «ወንድምዓለም፣ እኔ እኮ ነኝ» አለችው።

ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሰው ሁሉ አፍ አፉን ሲያየው ግን እፍረቱ ቁጣ ሆነና እጁን ወደ ገደሉ ዘርግቶ «እናትሽ ወደ መጣችበት ውረጂ!» ብሎ ጮኸባት። ከተሰብሳቢው እውነቱን የሚያውቅ ሞልቶ ነበር፤ ቃሉ ግን በመሐላ ጸንቷልና ማንም አልተነፈሰም። አንጓች ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበችና በዚያው በቀትሩ ፀሐይ ዞር ብላ ሳታይ ወረደች። አድማሱ እስከ ገደሉ አፋፍ ተከትሏት ነበር፣ አፉንም ከፍቶ ነበር፣ ግን አልጠራትም የሚሉ አሉ።

ሃያ ዓመት አለፈ። እርሻው ሳያቋርጥ ሰጠው፤ ምንም መቅሠፍት አልወረደበትም፤ ይህም ራሱ ያስፈራው ነበር ይባላል። የተወለደችለት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ስመኝ ትባላለች። እሷም ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ አበጀ የሚባል የቆላ ወጣት ገበያ ላይ አይቷት፣ እሷም ወዳው፣ የማን ልጅ መሆኗን ለእናቱ ሳይነግር ሽማግሎች ላከ።

እንደ ወጉ እስከ ሰባት ትውልድ ሊቆጠር ሆነ። በአባቱ በኩል የሚነካካ አልተገኘም። ወደ እናቱ ሲዞሩ የቆላው ሽማግሌ «እናቱ አንጓች ትባላለች፤ ልጅ ሳለች ከደጋ ወርዳ የመጣች ናት። አባቷ አይታወቅም» አለ።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት የጽድ አምባ ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አድማሱ ዝም ቢል መሐላው እንደ ጸና ይኖራል፤ ልጁ ግን የአክስቷን ልጅ ታገባለች። ቢናገር ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በሐሰት የማለ ሰው ይሆናል። ስመኝ ከጓዳው በር ቆማ በደስታ ፊቷ በርቶ አያት። ከመቀመጫው ተነሣ።

«አባቷ ቢያድግልኝ ነው። እህቴ ናት። በሐሰት ነው የማልሁት» አለ።

ጋብቻው በዚያው ፈረሰ። አበጀ ሽማግሎቹን ይዞ ተመለሰ፤ ስመኝም ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባባ» ብላ አልጠራችውም ይባላል።

በሳምንቱ አድማሱ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት በእግሩ ወረደ። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባትን ሴት ከደጃፏ አገኛትና እግሯ ላይ ተደፋ።

«ተነሥ፣ ድንጋዩን አውርደው» አለችው።

«እቴ፣ ማሪኝ። ምንጩ ሥር ያለው እርሻ ያንቺ ነው። ነይ፣ አብረን እንውጣ።»

አንጓችም «ሃያ ዓመት ሙሉ እህቴ ናት የምትልበትን ቀን ስጠብቅ ኖርሁ» አለችው። «አልኸውም፣ ልጄ ሙሽራውን ባጣበት ቀን። ምሬሃለሁ፤ ግን አልወጣም።»

እግሩን አጠበችለት፤ አበላችው፤ መደብ ለቀቀችለት። ማለዳም ስንቅ ቋጥራ «በደህና ግባ፣ እንግዳዬ» ብላ ሸኘችው። ዳገቱን ሲወጣ በየመታጠፊያው እየቆመ ጆሮውን ወደ ታች አዘነበለ፤ የናፈቀውን የጥንት አጠራሯን ግን አልሰማም።

የቁልቁለቱን ስም ያወጣው ራሱ አድማሱ ነው ይላሉ። ወደ ቆላ የሚወስደውን መንገድ ለሚጠይቀው ሁሉ «በውረጂ በኩል ነው» ይል ነበር፤ እንዲህ እያለ ሸመገለ፤ አገሩም ስሙን ለመደው።

ዛሬም በጽድ አምባ ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ፣ ትውልድ ከመቆጠሩ በፊት የልጅቷ አባት ከመቀመጫው ይነሣና «የካድነው ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሎቹም ጥቂት ይጠብቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣ የለምና ቆጠራው ይቀጥላል። አንዳንዴ ግን ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ አዛውንት ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ የካደውንም ሰው በስሙ ይጠራል።