ኒያ የሌለው ጾም

የግንብ አጥሯ ባረጀና በጠባብ መንገዷ ሁለት አህያ ጎን ለጎን በማይሄድባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሐጃ ረውዳ የሚባሉ የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ «አሊፍ ባ» ያለው እርሳቸው ግቢ ነው። ጨዋታ አዋቂም ነበሩ፤ ከዓመታት በፊት የጡት ካንሰር ይዟቸው ሲታከሙ እንኳ፣ ሊጠይቃቸው የመጣውን አስቀው ነበር የሚሸኙት። አላህ አሻራቸው፤ ሰዉም ነገሩን ረሳው።

ከዚያ ግን መዋጥ አቃታቸው። መጀመሪያ እንጀራው፣ ሲቆይ ሾርባውም ደረታቸው ላይ እየቆመ አስቸገራቸው። ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን አንስተው መመለስ ጀመሩ። አንዲት ጎረቤት ይህን አይታ «ሱና ጾም ይዘዋል» አለች። ይህ የፈቃድ ጾም በሚዘወተርበት ሰኞም ሐሙስም ባልሆነ ቀን ሲመልሱ ሲታዩማ ወሬው አደገ፤ ሐጃ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን የሚፈታበትን የነቢዩ ዳውድን ጾም ይጾማሉ ተባለ፤ ክሳታቸውም የዒባዳ፣ የአምልኮ ነው ተባለ። ሐጃ አላመኑም፣ አላስተባበሉም። እንደገና ሐኪም ቤት መመለሱን ፈርተዋል። ደግሞ አይደበቅም፣ ውዳሴው ጥሟቸዋል፤ በዚያ ሰሞን ያለ ችግር የሚዋጥላቸው እርሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የልጃቸው ልጅ፣ ገና ጡት የሚጠባው፣ አልቅሶ አላባራ አለ። ምራታቸው ሂክማ ወተቷ እንደሸሸ ነገረቻቸው። ምን ነካሽ ቢሏት አንገቷን ደፋች።

«እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ከጾሙ እኔ በጉልበቴ ምን ልሁን ብዬ ጾሜ ነው፣ እማዬ» አለች።

ሐጃ ደነገጡ። ያን ዕለት መስጂድ ሄደው ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጡ። የመስጂዱ ሸይኽ ሙሕዲን በደርሳቸው፣ በትምህርታቸው መሐል ስለ ሱና ጾም አንስተው እርሳቸውን ምሳሌ ሲያደርጉ፣ ሐጃ ፈቃድ ጠየቁ።

«ሸኻችን፣ እኔ አልጾምኩም። ጉሮሮዬ አልወስድ ብሎኝ ነው። ጾም በኒያ፣ በልብ ሐሳብ ነው ብዬ ልጆቻችሁን አስተምሬ፣ ኒያ የሌለው ረሃብ በጾም ሲቆጠርልኝ ዝም አልኩ። አውፍ በሉኝ።»

ሸይኹ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እንግዲያውስ ሐጃ የሚያስፈልግዎ ሙገሳ ሳይሆን ሐኪም ነው» ሲሉ ከመጋረጃው ኋላ ቀድመው የሳቁት ሐጃ ራሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ የድሮውን በሽታ ጠይቆ፣ መርምሮ፣ እውነቱን ነገራቸው። ካንሰሩ ደረታቸው ውስጥ ተሰራጭቶ የምግብ መውረጃውን ተጭኖታል፤ ማጥፋት አይቻልም፣ መንገዱን መክፈት ግን ይቻላል። የሚደግፍ ትንሽ ቱቦ አስገባላቸው። ቤት ሲመለሱ ሂክማ አጥሚት አቀረበች፤ ቤተሰቡ ሁሉ ዐይኑን ጉሮሯቸው ላይ ተከለ። «ቢስሚላህ» ብለው ፉት አሉ። ወረደ። ሂክማ ደስታዋ አስለቀሳት፣ ሕፃኑ ግን ጡቱን ይዞ ዞርም አላለ።

«ልጆቼ» አሉ ሐጃ፣ «ውዳሴ ሳይታኘክ ይወርዳል፤ መንገድ የከፈተልኝ ግን ያነቀኝ እውነት ነው።»

ሪያእ፣ ለሰው ታይታ መልካም መምሰል፣ የሚይዘው ሠርቶ የሚታየውን ሰው ብቻ ይመስለናል። ምንም ሳይሠራ ዝም ያለውንም ይይዛል። አላህ ለሐጃ ጥቂት ዓመት ጨመረላቸው፤ «ዛሬም ጾም ነዎት?» ለሚላቸው ሁሉ የአጥሚት ጣሳቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩ ነበር። እኛስ፣ ሰው የቆጠረልንን ስንቱን ያልጾምነውን ጾም ይዘን ይሆን የተቀመጥነው?