ጀነራል የተኛባት ነጠላ

ኑ፣ ይህን ስሙና ፍረዱ። የወይዘሮ የሺመቤትን ነጠላ ነፋስ ከገመድ ላይ አንስቶ ጎረቤቷ አቶ ጌጡ ግቢ ጣላት። የአቶ ጌጡ ውሻ፣ ጀነራል የሚሉት፣ ሄዶ ተኛባት። የሺመቤት የፈለገችው ነጠላዋን ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እህቷ ትቀበራለች፤ ሌላ ነጠላ ደግሞ የላትም።

ጀነራል ማስቲፍ የሚባል የውሻ ዘር ነው። ጥጃ ያክላል፤ ጉንጩ ተንጠልጥሏል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። «ተነስ» አለችው። አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ከደነው።

የአቶ ጌጡ ዘበኛ ዘንድ ሄደች። «ጋሽ ደንበሩ፣ ውሻው አልነሳም አለ፤ ያስነሱልኝ።»

«ጌታዬ ካላዘዙኝ አልነካውም» አለ። ዱላ የያዘው ለጌጥ ነው።

አቶ ጌጡ ዘንድ ገባች። «ውሻው አልነሳም አለ፣ ዘበኛው ውሻውን አላስነሳም አለ፤ ይዘዙልኝ።»

«የዚህ ውሻ አያቶች ቤተ መንግሥት ጠባቂ ነበሩ፤ ከአንበሳ ጋር ይታገሉ ነበር» አለ አቶ ጌጡ። «ጠባዩ ጭምት ነው። ከእንቅልፉ ከቀሰቀሱት ግን ይቀየማል። አላዝም።» የገዛ አያቱን ስም ቢጠይቁት የሚደናገር ሰው፣ የውሻውን ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ሚስቱ ዘንድ ሄደች። «ንግሥትዬ፣ ውሻው አልነሳም አለ፣ ዘበኛው ውሻውን አላስነሳም አለ፣ ባልሽ ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ንገሪልኝ።»

«ይህ ውሻ ከመጣ ወዲህ ሥጋ የሚባል አልቀመስኩም። ተኳርፈናል፤ አላናግረውም።»

የሺመቤት አነባች። እያነባች የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ደረሰች። «ውሻው አልነሳም አለ፣ ዘበኛው ውሻውን አላስነሳም አለ፣ ጌታው ዘበኛውን አላዝም አለ፣ ሚስቲቱ ጌታውን አላናግርም አለች።»

«ለውሻ ነፍቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ለእህትሽ ግን እነፋለሁ።»

ሄደውም የአቶ ጌጡ በር ላይ ቆመው ጥሩምባውን አንባረቁት። «የእድር አባላት፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ለቀስተኛዋ አልወጣችም፤ ነጠላዋ ላይ የአቶ ጌጡ ውሻ ተኝቶባታል።»

መንደሩ ከየደጁ ብቅ አለ። ይሄኔ ሚስቲቱ ሰው ምን ይለኛል ብላ ጌታውን አናገረች፣ ጌታው ዘበኛውን አዘዘ፣ ዘበኛው ውሻውን ሊያስነሳ ዱላውን ይዞ መጣ። ውሻው ግን የለም። የአንበሳ ታጋዮች ልጅ ገና ጥሩምባው ሲጮህ ተነስቶ፣ ጭራውን ወሽቆ፣ ግማሽ አካሉን የጌታው መኪና ሥር ከትቶ ይንቀጠቀጣል። ግማሹ አልገባለትም።

የሺመቤት ነጠላዋን አራግፋ ለሐዘን ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ዛሬ አሞት ነው እንጂ፣ ጠባዩ እንዲህ አይደለም» አለ አቶ ጌጡ ከኋላዋ።

«ይማረው» አለች ሳትዞር። «እኔ እህቴን ልቅበር።»