በዋርካው ሥር የተነገረው ድርሻ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት በተከታታይ ዝናብ ቀርቶ፣ በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት እጅግ ተቸገሩ። ወንዙ ደረቀ፤ ሣሩ አረረ፤ የሚሠራም የሚበላም ጠፋ። ሚዳቋና ድኩላ ልጆቻቸውን ይዘው መሰደድ ጀመሩ።

የሸለቆው ንጉሥ አንበሳ ይህን ባየ ጊዜ እንስሳቱን ሁሉ ሰበሰበ።

«ለክፉ ቀን ብለን በጋራ ያጠራቀምነው ማሽላና ቋንጣ በጎተራው አለ» አለ። «ክፉ ቀን ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ጎተራው ይከፈት! ግን ተቀምጠን አንበላውም። ክረምቱ ሳይገባ ትልቅ ኩሬ እንቆፍራለን፤ የቆፈረ ሁሉ ድርሻውን ይወስዳል። ዛሬ ሆዳችን ይጠግባል፤ ለነገም ውሃ ይኖረናል።»

እንስሳቱ በደስታ ጮኹ። «እሱን ደፍሮ የሚሰርቅ የለም» ተብሎ አከፋፋይነቱ ለጅብ ተሰጠ። ቀበሮ አማካሪ ሆነ። ስልቻውን ከጎተራ ወደ ጅብ ቤት ማመላለስ የአህያ ሥራ ሆነ።

በማግሥቱ ቀበሮ ወደ ጅብ ጆሮ ተጠጋ።

«አያ ጅቦ፣ ‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ሲባል አልሰማህም?»

«መብላቱንስ እወድ ነበር» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ቢያዩንስ?»

«በርህን ዝጋ። አንድ በአንድ እየጠራህ በጓዳ ስጣቸው። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይስማ። የጠየቀህ ካለም ‹የመንግሥት ምሥጢር ነው› በለው።»

ጅብ ቃሉ እንዳይጠፋበት «የመንግሥት ምሥጢር፣ የመንግሥት ምሥጢር» እያለ ሲለማመድ ዋለ።

ቁፋሮው ተጀመረ። ከርከሮ በክራንቻው አፈሩን ፈነቀለ፤ ዝንጀሮ ድንጋዩን እያነሣ አወጣ። የድርሻ ቀን ሲደርስ ግን ከጅብ ጓዳ የወጡት ሁሉ የያዙት አንድ እፍኝ ማሽላ ብቻ ነበር። የቋንጣውማ ሽታው እንኳ አልወጣም። ከርከሮ ዝንጀሮን ጠረጠረ፤ ዝንጀሮም ከርከሮን።

«የእኔን ድርሻ የወሰድክ አንተ ነህ!»

«እኔ? እፍኝ ነው እኮ የሰጡኝ!»

«እፍኝ የበላ ፊት እንዲህ ይወዛል?»

ተያያዙ። ሌሎቹም ወገን ለይተው ተጣሉ፤ ቁፋሮውም ቆመ። ኩሬው ገና ከጉልበት ሳያልፍ በስተምዕራብ በኩል ደመና መጣ። ኩሬው ሳያልቅ ዝናቡ ከወረደ፣ ውሃው ሁሉ ወደ ገደል ፈሶ ሊቀር ነው።

አህያ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። ጀርባዋ ተልጧል። አርባ ስልቻ ተሸክማ ጅብ ቤት እንዳስገባች ታውቃለች። አርባ ስልቻ ከገባበት ቤት እንዴት እፍኝ እፍኝ ብቻ ይወጣል? ጅብን መጠየቅ እንደሚያስፈራ አላጣችውም። ግን ደመናውን ቀና ብላ አየችና ወደ አንበሳ ደጅ ገሰገሰች። ጅብና ቀበሮም እዚያው ነበሩ።

«ንጉሥ ሆይ፣ አርባ ስልቻ በዚህ ጀርባዬ አመላልሻለሁ። የት እንደደረሰ ልወቅ።»

ጅብ ጥርሱን አገጠጠ። «የመንግሥት ምሥጢር ነው!»

«ሸክሙ የእኔ፣ ምሥጢሩ የአንተ ሊሆን ነው?» አለች አህያ። 

ቀበሮ ፈገግ ብሎ ወደ አንበሳ ዞረ። «ንጉሥ ሆይ፣ ያለንን በአደባባይ ከተናገርን ከማዶ ያለው ነብር ይሰማል። ለክብርዎም አይመጥንም።»

«ነብር ረሃባችንን ከሰማ ቆይቷል» አለች አህያ። «እህላችንን ቢሰማ ምን ይጎድልብናል? እኔ ማንም ይቀጣልኝ አላልኩም። ድርሻው በዋርካው ሥር፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ይነገር ነው ያልኩት። ማን ወሰደ? ምን ያህል? ስለ የትኛው ሥራ?»

አንበሳ ወደ ራሱ ጓዳ ዞር ብሎ አየ። ያየበትም ምክንያት ነበረው። በመጨረሻ ተነሣና «በዋርካው ሥር ይሁን» አለ። «ከእኔ ይጀመር።»

ሸለቆው በሙሉ በዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ድምፀ ጎርናናው ቁራ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ «ንጉሡ!» ብሎ ጠራ።

«ሦስት ስልቻ ቋንጣ» አለ አንበሳ። «አንድ አካፋ አፈር ሳላወጣ ከጅብ ቤት ወደ ቤቴ አስገብቻለሁ። አልነካሁትም፤ ዛሬውኑ ይመለሳል።»

 ቁራው ቀጠለ። «ከርከሮ!» «አንድ እፍኝ።» «ዝንጀሮ!» «አንድ እፍኝ።» ሁለቱ ተያዩና በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ።

«ጅብ!»

ጅብ ደነገጠ። «እኔን ምን አድርግ ነው የምትሉኝ? የበላሁት ቋንጣውን ብቻ ነው! ማሽላ ማን ይበላል? ማሽላው እንደሆነ ቀበሮ ዋሻ ውስጥ ነው ያለው!»

«ዝም በል፣ አንተ ደደብ!» ብሎ ቀበሮ ጮኸ። ግን ሁሉም ሰምቶ ነበር።

ማሽላው ከቀበሮ ዋሻ ወጣ፤ ቋንጣውም ከአንበሳ ቤት ተመለሰ። ጅብና ቀበሮ ከሹመታቸው ወርደው እንደማንኛውም ቆፋሪ ኩሬው ውስጥ ገቡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ድርሻ የሚሰጠው በአደባባይ፣ እየተጠራ ሆነ። የጎረቤቱን ድርሻ በጆሮው የሰማ ደግሞ ከማን ጋር ይጣላል? ከርከሮና ዝንጀሮ አንዱን ቋጥኝ ሁለት ሆነው ገፉት። የተሰደዱትም ወሬው ደርሷቸው፣ «ሥራ አለ፤ ድርሻውም በግልጽ ነው» እየተባባሉ ተመለሱ።

ኩሬው ባለቀበት ቀን ቁራው «ጅብ! ሦስት ቁራጭ ቋንጣ፤ የምሥራቁን ዳር ስለቆፈረ!» ብሎ ጠራ። ጭቃ በጭቃ የሆነው ጅብ፣ ዕድሜውን ሙሉ በላቡ ያገኘው የመጀመሪያው ድርሻ ነበርና፣ ደረቱን ነፋ።

«ደግመህ ጥራው እንጂ!» አለ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም!»

ሸለቆው በሳቅ ሲፈነዳ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ዝናቡ ሳያባራ ዘነበ፤ አንዲት ጠብታም ወደ ገደል ሳትፈስ ኩሬው እስከ አፉ ሞላ።

ከዚህ የምንማረው የሁሉም የሆነ ሀብት ለሥራ ሲወጣ ማን፣ ምን ያህል፣ ስለምን እንደወሰደ በአደባባይ ከተነገረ፣ ሌባ መደበቂያ ሠራተኛም መጠራጠሪያ እንደማይኖረው ነው።