ሃያ ሁለት ብቻ የሚለው ቴርሞስታት

ወዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ተረት አለኝ። መጨረሻው ደስ ስለሚል እስኪያልቅ ማንም እንዳይነሳ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳትም ዕቃዎችም አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንድ ብርዳም ተራራ አናት ላይ አንድ ቤት ነበር። በቤቱ ውስጥ ሦስት እንስሳት ይኖሩ ነበር። አንዱ የቤቱ አለቃ አያ ከርከሮ ነው። ሁለተኛዋ ዘጠኝ እንቁላል የታቀፈችው እትዬ ቆቅ ናት። ሦስተኛዋ አመልማል የምትባል ሽኮኮ ናት። አመልማል ትንሽ ናት፤ ድምፅዋም ትንሽ ነው፤ ስትናገር የሚሰማት አልነበረም።

ቤቱ የሚሞቀው በእሳት አልነበረም። ጓሮ የቆመ፣ የሙቀት ፓምፕ የሚሉት ማሽን ነበር። ይህ ማሽን ከውጭው አየር፣ ቀዝቃዛ ከሚመስለው አየር እንኳ ሳይቀር፣ ያለችውን ሙቀት እየለቀመ ወደ ቤት ያስገባል። ሐሩር ሲሆን ደግሞ ዞሮ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ግን በራሱ ፈቃድ አይሠራም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞስታት የሚባል አዛዥ አለው። ቴርሞስታቱ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እያየ "ሥራ" ሲለው ይሠራል፣ "ቁም" ሲለው ይቆማል።

ኅዳር ገባና ውርጭ ወረደ። ቤቱ ቀዘቀዘ። እትዬ ቆቅ ወትሮ ቤቱ ሞቅ ስለሚል ወጣ ብላ ጥሬ ለቅማ ትመለስ ነበር፤ አሁን ግን ከተነሳች እንቁላሎቿ ሊሞቱባት ነው። ስለዚህ እህል ሳትቀምስ እዚያው ተቀመጠች።

አያ ከርከሮ ወደ ቴርሞስታቱ ሄዶ ጠየቀው። "ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው" አለ ቴርሞስታቱ። በማግስቱ ጠየቀው። "ሃያ ሁለት ነው" አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆነ፤ አያ ከርከሮ እየተንቀጠቀጠ ጠየቀው።

"እኔ ጋ ሃያ ሁለት ነው" አለ ቴርሞስታቱ። "ከበረዳችሁ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። አርጅቷል። ነቅላችሁ ጣሉት።"

አያ ከርከሮ ደሙ ፈላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሽኑን በክራንቻው ነቅሎ ገደል እንደሚሰደው ማለ።

አመልማል ይህን ሰማች። ሽኮኮ ፀሐይ መሞቅ ስለምትወድ ጠዋት ጠዋት ከማሽኑ አጠገብ ካለው ቋጥኝ ላይ ትቀመጥ ነበርና ጠባዩን ታውቃለች። ሰነፍ አልነበረም። ወደ ጓሮ ሮጠችና ምን እንደነካው ጠየቀችው።

"አላመመኝም፣ አመልማል" አላት ማሽኑ። "ሦስት ቀን ሙሉ 'ሥራ' ያለኝ የለም።"

አመልማል ወደ ቤት ተመለሰች። ቴርሞስታቱ ላይ በረዶ ውሃ ውስጥ የነከረችውን ጨርቅ አደረገችበት፤ "ሃያ ሁለት ነው" አለ። ጨርቁን አንስታ እጇን እስኪሞቅ አሻሽታ ለጠፈችበት፤ "ሃያ ሁለት ነው" አለ። ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ አምጥታ አስጠጋችው፤ አሁንም "ሃያ ሁለት ነው" አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ቴርሞስታቱ ብርድም ሙቀትም መለየት ትቶ ኖሯል።

አያ ከርከሮን ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ እንዲታገሳት ለመነችው። እያጉረመረመ እሺ አላት። አመልማል ተራራውን እየዘለለች ወረደች፤ ከግርጌው ካለው ገበያ አዲስ ቴርሞስታት ይዛ፣ እያለከለከች ወጣች። አዲሱ ቴርሞስታት መንገድ ላይ ያላት አንድ ነገር ነው፦

"የእናንተን ማሽን አላውቀውም። የማላውቀውን እጠይቅሻለሁ፤ አንቺም የማታውቂውን ጠይቂ።"

ቤት እንደደረሰች በመጀመሪያ ብሬከሩን አውርዳ መብራት አጠፋች። ከዚያ ካቻቢቴዋን ይዛ ወደ አሮጌው ቴርሞስታት ቀረበች። አሮጌው ደነገጠ። ከጀርባው አምስት ሽቦ እንዳለ፣ እሱ ከወረደ የትኛው የት እንደሚገባ ማንም እንደማያውቅ፣ ቤቱም ለዘላለም እንደሚበርደው አስፈራራት። አመልማል አልተከራከረችውም። ሽቦዎቹን ከመንቀሏ በፊት በእያንዳንዱ ላይ የገባበትን ቦታ ፊደል የጻፈችበት ወረቀት በክር አሰረችበት። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትታ አወረደችው። አዲሱን ሰቀለች፤ ሽቦዎቹንም በየፊደላቸው አስገባች።

አዲሱ ቴርሞስታት ያን ጊዜ ጠየቃት። ብርቱካንማው ሽቦ ማሽኑን ከማሞቅ ወደ ማቀዝቀዝ፣ ከማቀዝቀዝ ወደ ማሞቅ የሚያዞረው ነው። አንዳንዱ ማሽን በዚያ ሽቦ ኃይል ሲላክለት ያሞቃል፤ አንዳንዱ ያቀዘቅዛል። "የእናንተው የትኛው ነው?" አላት።

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። አመልማል ቸኮለች። "ያሞቃል" አለች፣ በግምት።

ብሬከሩን አነሳች። ማሽኑ ጓሮ ውስጥ አጉረመረመ፤ ሁሉም ወደ አየር መውጫው ፊቱን አዞረ። የመጣው አየር ግን በረዶ ነበር። እትዬ ቆቅ ክንፏን እንቁላሎቹ ላይ ጥብቅ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አሮጌው ቴርሞስታት ከወለሉ ላይ ሆኖ ሳቀ። አያ ከርከሮ ማሽኑን ሊነቅል ወደ ጓሮ ወጣ።

አመልማል ያጠፋችው ነገር እሷንም አሳፈራት። ሁሉም ማሽኑን ሳይጠይቅ ፈረደበት ብላ ስታዝን፣ እሷም ሳትጠይቀው በግምት ወሰነችበት። መጀመሪያ አዲሱን ቴርሞስታት አቁም አለችው፤ ከዚያ ከአያ ከርከሮ ቀድማ ጓሮ ደረሰች።

"በብርቱካንማው ሽቦ ኃይል ሲመጣልህ ምን ታደርጋለህ?" አለችው።

"አቀዘቅዛለሁ" አለ ማሽኑ። "ሲቋረጥ አሞቃለሁ። ደግሞም አንዴ ከቆምኩ አምስት ደቂቃ ሳላርፍ አልነሳም።"

አመልማል በመስኮቱ በኩል ለአዲሱ ቴርሞስታት ነገረችው። እሱም አስተካከለና "ሥራ" አለ። ማሽኑ ግን ዝም አለ፤ ማረፍ ነበረበት። አያ ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ፣ ክራንቻውን አሹሎ መጣ። አመልማል ከፊቱ ቆመች። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ተራራው መልሶ አስተጋባው።

"አምስት ደቂቃ ነው፣ አያ ከርከሮ። ያን ካልጠበቅህ መጀመሪያ እኔን ውጋ።"

ከርከሮው ቆመ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሽኮኮ ሰምቶ አያውቅም። አንድ ደቂቃ ጠበቀ። ሦስት ደቂቃ ጠበቀ። በአምስተኛው ማሽኑ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ከቤት ውስጥም የእትዬ ቆቅ ድምፅ ተሰማ።

"ሞቀ" አለች። "እናንተ ሆይ፣ ሞቀ።"

"ስድስት ዲግሪ ነው" አለ አዲሱ ቴርሞስታት። "ዘጠኝ ነው። አሥራ ሦስት ነው።" በየቁጥሩ ቤቱ በእልልታ ይናወጥ ጀመር። አሥራ ስምንት ሲል እትዬ ቆቅ ከሦስት ቀን በኋላ ከእንቁላሎቿ ላይ ተነሳች፤ ወጥታም ጥሬዋን ለቅማ ጠግባ ተመለሰች። አያ ከርከሮ ማሽኑን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አመልማልን ጀርባው ላይ አስቀምጦ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ እየዘለለም እየጨፈረም።

አሮጌው ቴርሞስታት ብርድና ሙቀት መለየት ካቃተው ሦስት ቀን እንደሆነው፣ እንዳይጥሉት ፈርቶ እንደደበቀ ተናዘዘ። አመልማል ጠርጋ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። "አላውቅም ብትል ኖሮ ያን ቀን እንረዳህ ነበር" አለችው። ዘጠኙም እንቁላሎች በሳምንቱ ተፈለፈሉ፤ ቤቱ በጫጩት ጩኸት ተሞላ።

ይኸው ነው ተረቴ። ሥራ የቆመባችሁ እንደሆነ ሠራተኛውን ከመንቀላችሁ በፊት፣ ትእዛዝ ደርሶት እንደሆነ ጠይቁት። እኔ አውርቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።