እመት ጓጉንቸር፣ አያ ሽመላና ስምንቱ ዝላይ

ተረት ይዣለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ወሬ ያለው ፈንጠር ይበል።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃም አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንድ ኩሬ ዳር እመት ጓጉንቸር የምትባል አሮጊት እንቁራሪት ነበረች። ልጆቿ ስንት እንደሆኑ እሷም አታውቅ፤ ጉራዋን ግን ኩሬው በሙሉ ያውቀዋል። ታዲያ በየማለዳው አያ ሽመላ በረጃጅም እግሮቹ እየተንጎራደደ ይመጣና ከልጆቿ አንድ ሁለቱን ዋጥ አድርጎ ይሄዳል።

አንድ ቀን አንጀቷ አርሮ፣ "አንተ የምትለቅመው እኮ ፈዛዞቹን ነው!" አለችው። "ልጆቼን በዝላያቸው ተራ ባሰልፋቸው፣ እንኳን ፊተኛዋ፣ እመሃል የምትቆመዋ ከዚህ ድንጋይ ተነስታ ያንን ሸንበቆ ታልፋለች!"

"ውሸትሽን ነው!"

"ውሸት ከሆነ ኩሬው ከነልጆቼ ያንተ ይሁን። ካልሆነ ግን እግርህ እዚህ አይድረስ!"

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ሸንበቆውን አሻግራ አየችው። ለካ አንድም ቀን ለክታ አታውቅም!

ዳኛ ፈለጉ። ዳር ላይ አንድ ገል ወድቆ ነበር፤ የተሰበረ ድስት ቁራጭ፣ አንድ ጎኑ ቀይ፣ አንድ ጎኑ በጥላሸት የጠቆረ። "ድስት ሳለሁም ለማንም አዳልቼ አላውቅ" ብሎ ዳኝነቱን ተቀበለ። "ሁሉንም ስናዘልል መሽቶ ይነጋል፤ ጥቂቶቹ ይውጡ። አያ ሽመላ፣ ዓይንህን ጨፍነህ በምንቃርህ አውጣ። እንዳትውጥ ብቻ!"

"ሦስት ይበቃል" አለ አያ ሽመላ። "በተረት ሁሉ ሦስት አይደል?"

የመጀመሪያዋ ዘለለች፤ አልደረሰችም። ሁለተኛዋ ዘለለች፤ አልደረሰችም። ሦስተኛዋማ ጭራሽ በአፍንጫዋ ተተከለች።

"አለቀ! ቁርሴን አምጡ!"

እመት ጓጉንቸር ክው አለች። ገሉ ግን፣ "እስቲ እኔንም ሦስቴ ወርውሩኝ" አለ። ወረወሩት፤ ጥቁር። ደገሙት፤ ጥቁር። ሠለሱት፤ አሁንም ጥቁር።

"ወይኔ ወገቤን! እንግዲህ ሁለመናው ጥቁር ነው ልትሉኝ ነው? ገልብጡና እዩ!" ገለበጡት፤ ቀዩ ጎኑ ቁልጭ ብሎ ታየ። "የመሃሏ ካለፈች ግማሾቹ ልጆች ያልፋሉ ማለት ነው፤ ጨፍኖ አንዷን ማውጣትም እኔን እንደ መወርወር ነው። ሦስትማ እንዲሁም ይገጥማል። ስምንት ይዝለሉ። ከስምንቱ ሰባቱ ከቀሩ፣ እሱ እንዲሁ በዋዛ አይገጥምም፤ ዋሽታለች እላለሁ። ከዚያ ካነሰ አልፈርድባትም።"

አራተኛዋ ቀረች። አምስተኛዋ ሸንበቆው ሥር ወደቀች። ስድስተኛዋ "ዛሬ ደክሞኛል" ብላ መንገድ ላይ ቁጭ አለች።

"አንዲት ብቻ ትቅር!" አለ አያ ሽመላ፣ ምራቁን እየዋጠ።

"ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!" አለች እመት ጓጉንቸር። ልጆቿን ባፏ ልትጨርሳቸው ነው፤ እንባዋ መጣ።

ሰባተኛዋ ለጥቂት አለፈች። ስምንተኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የመጨረሻ ልጇ ድብልብሌ! ከተወለደች ጀምሮ ለመብላት ካልሆነ ስትንቀሳቀስ ያያት የለም።

"ኧረ እሷን አይሆንም!"

"ጨፍኜ ነው ያወጣኋት" አለ አያ ሽመላ። እውነቱን ነው። ግን ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጣት ሆዱ አላስችል አለውና ወገቧን ጨመቅ አደረጋት። ድብልብሌ "እሜዬ!" ብላ ተፈናጠረች፤ ሸንበቆውን አልፋ ማዶ ጭቃው ውስጥ ዷ!

"ስድስቱ ቀርተዋል እኮ!" ብሎ ጮኸ አያ ሽመላ።

"ስድስትማ እኔም ስወረወር ይገጥመኛል። ውሸቷን አላስረዳህም፤ ሂድ!"

እያጉረመረመ በረረ። እመት ጓጉንቸር እልልታዋን አቀለጠችው። "አላልኳችሁም? ልክ ነበርኩ!"

"ኧረ ቀስ!" አላት ገሉ። "ልክ ነሽ ያለሽ ማን ነው? ውሸትሽ አልተረጋገጠም ነው ያልኩት። ከርሞ 'ሃያ እናዘልል' ብሎ ቢመጣ ምን ይውጥሻል?"

እልልታዋን ተወችና ዞር ብላ ልጆቿን አየቻቸው፤ ተኝተዋል። "ተነሱ! ዝለሉ!" ብላ ጮኸችባቸው።

እንቁራሪቶች እስከ ዛሬ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ዱብ ዱብ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ቆጠራ የመጣ ይመስላቸዋል።

እናንተም ሦስት አይታችሁ አትፍረዱ፤ ከፍርድ ያመለጠም ልክ ነበርኩ ብሎ አይኩራራ። ተረቴን ውሸት ነው የሚል ካለ ምስክር ይዞ ይምጣ። ሦስት ብቻ ይዞ የመጣን ግን አላናግርም!