ሦስት ሽማግሌና አራት ቀይ ሞላ

ናዝሬት ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ጫማ ጠቦት እያነከሰ ሲሄድ፣ ወይም ለሳሎኑ መልከ መልካም ወንበር ገዝቶ እንግዳው ሁሉ መቀመጥ አቅቶት ሲቁነጠነጥ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋሉ። አባባሏን ብዙ ሰው ያውቃታል። ነገሯ ከአንድ ጋራዥ እንደጀመረ የሚያስታውሱት ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ሄደዋል።

ጋራዡ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ያኔ አንድ ትልቅ ግራር፣ ከግራሩ ጥላ ሥር የመካኒኩ የዘርጋው የእንጨት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ደግሞ መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ ነበር። የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ዘርጋው ግን ባቡሩ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ ግንዱ ላይ በጠመኔ ይጽፋል።

ያልለካውን የማይናገር መካኒክ ነበር። የመኪናውን ሞላ ለማስቀየር የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማንን እንደሚጭንና በየት መንገድ እንደሚሄድ ነው። ከዚያ አሸዋ የሞላባቸው ጆንያዎቹን በየወንበሩ ላይ እንደ ሰው ያስቀምጣል። በየጆንያው ላይ ኪሎው ተጽፏል፤ አንዱ ቀጭን፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ወፍራም ነው። ቋጠሮ ባለው ሲባጎ ከጎማው መሃል ከበላዩ እስካለው ቆርቆሮ፣ እስከ ፓራፋንጎው፣ ያለውን ከፍታ ይለካል፤ ባዶዋን አንዴ፣ ጆንያዎቹ ተቀምጠው ሌላ ጊዜ። ደንበኞቹ ጆንያዎቹን «የዘርጋው ዘመዶች» ይሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ሰይፉ መጣ። ሰይፉ አባቱን በልጅነቱ ያጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቱ የዘርጋው ጓደኛ ስለነበር ልጁ ከግራሩ ሥር ነው ያደገው ማለት ይቻላል። በዚያ ሰሞን ባለ አራት በር፣ ለሩጫ የተሠራች ነጭ የቤት መኪና ገዝቶ ነበር። ፍጥነቷን የወደደላትን ያህል ቁመቷን አልወደደላትም። «እንደ ዶሮ ቆማለች» አለ። ከአዲስ አበባ አራት ቀይ ሞላና አራት ቀይ ሾክ አብዞርበር ገዝቶ ይዞ መጥቷል።

ዘርጋው አንዱን ሞላ አንስቶ ቀለበቶቹን ቆጠረ፣ ከአሮጌው ጎን አቁሞ ለካው። በአራት ጣት ያጥራል፣ ሽቦው ደግሞ ይወፍራል። ዕቃው መጥፎ እንዳልሆነ፣ እንደ ገበታ ለለሰለሰ መንገድ እንደተሠራ አስረዳው። ከራሱ መደርደሪያ ሁለት ጣት ብቻ የሚያጥር ሌላ ሞላና ለስለስ ያለ ሾክ አውጥቶም አሳየው። ቀለማቸው ጥቁር ነበር። ሰይፉ አንዴ ጥቁሩን፣ አንዴ ቀዩን አየ።

«ማንን ትጭናለህ?» አለው ዘርጋው።

«ማንን እጭናለሁ ጋሽ ዘርጋው? ራሴን ነዋ።»

«በየት መንገድ?»

«ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት።»

ዘርጋው ወደ ጆንያዎቹ ሲዞር ሰይፉ ሳቀ። መኪናዋ አሁን መታጠቧን፣ ዘመዶቹ ወንበሯ ላይ አቧራ እንደሚያራግፉባት ተናገረ። ሳቁ የአባቱ ሳቅ ነበር፤ ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ። ዘርጋው ያን ሳቅ ካየ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጆንያዎቹን ተዋቸው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ጆንያ ጭኖ ሳይለካ የገጠመው ሞላ ያ ብቻ ነው።

ሲጨርስ እንደ ልማዱ ፓራፋንጎውን በሁለት እጁ ተጫነ። ደህና ሾክ ያለው መኪና አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ይህቺ መውረዱንም እምቢ አለች። መኪናዋ ግን መሬት ለመሬት ተኝታ እንደ አቦ ሸማኔ አምራ ነበር፤ ዘርጋውም ማማሯን አልካደም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሰይፉ ተመልሶ መጣ። ከዴራ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ካለች መንደር ውድነሽ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። የልጅቷ አባት አቶ ጥላዬ ግን ሽማግሌ በማመላለስ የታወቁ ሰው ናቸው፤ የታላቅ እህቷን ሽማግሌዎች አምስት ጊዜ መልሰዋል። አሁን ደግሞ ከዚህ እሑድ በኋላ ባለው እሑድ ከአሰላ ሌላ ሽማግሌ እንደሚመጣ ውድነሽ መልእክት ልካበታለች። ስለዚህ የሰይፉ ሽማግሌዎች በዚህ እሑድ ሄደው በዚሁ ቀን እሺታ ካላገኙ ነገሩ አበቃ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ዘርጋው፣ ሁለተኛው መምህር ቸርነት፣ ሦስተኛው በጡረታ የወጡት የባቡር ጣቢያ ሹም አቶ ወልደየስ። አቶ ወልደየስ ከዘርጋው ጆንያዎች ሁሉ ይከብዳሉ። ዘርጋው የጭነት መኪና እንለምን ቢልም ሰይፉ ሽማግሌዎቹ እንደ ዕቃ ተጭነው መጡ አላሰኝም ብሎ ድርቅ አለ። በነጭዋ መኪና ሄዱ።

አስፋልቱ ላይ ክፉ አልነበረም። አቶ ወልደየስ እንዲያውም የባቡር አንደኛ ማዕረግ እንደሚመስል ተናገሩ። የጠጠሩ መንገድ ሲጀምር ግን ጨዋታው ቆመ። አራት ሰው የጫነው ሞላ የሚታጠፍበት ቦታ አልቀረውም፤ መንገዱ ያነሳውን ድንጋይ ሁሉ ሳይቀንስ ለተሳፋሪው ያቀብላል። ዘርጋው በልቡ ይቆጥር ጀመር። አርባ ላይ ሲደርስ መቁጠሩን ተወው፤ እያንዳንዱ ግጭት የራሱን ስም የሚጠራ መሰለው። በየቦዩ ሽማግሌዎቹ ይወርዳሉ፣ መኪናዋ ቀለል ብላ ታልፋለች፣ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አራግፈው ይሳፈራሉ። በስድስተኛው ቦይ ላይ አቶ ወልደየስ አልወርድም አሉ፤ ሰልችቷቸዋል። መኪናዋ ገባች፣ ሆዷ ድንጋዩን መታ፣ ከኋላ አንድ አጭር «እህ» ተሰማ። ከዚያ በኋላ አቶ ወልደየስ የፊቱን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሄዱ።

አቶ ጥላዬ ቤት ሲደርሱ ሰይፉ እንደ ወጉ ከደጁ ራቅ ብሎ ከመኪናው ጋር ቀረ። ሦስቱ ገቡና በሩ አጠገብ ተደርድረው ቆሙ። አቶ ጥላዬ ተቀመጡ አሏቸው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥምና መምህር ቸርነት ቆመው ተናገሩ፤ ሰይፉን የልጅዎ ባል፣ የእርስዎ ልጅ ያድርጉልን ብለው ጨረሱ።

አቶ ጥላዬ ያው የለመዱትን መለሱ። ከዘመድ መምከር አለባቸው። ልጅቷም ገና ናት። እህል ይቅመሱና ከወር በኋላ ይመለሱ። መምህር ቸርነትና ዘርጋው ተያይተው፣ እምቢ አልተባልንም በሚል ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ወልደየስ አልተቀመጡም። ምሰሶውን በአንድ እጃቸው ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ይቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ጥላዬ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

ዘርጋው ገባው። የአቶ ወልደየስ ወገብ ተይዟል፤ ቆመው እንጂ ታጥፈው መሆን አይችሉም። አቶ ጥላዬ ግን የገባቸው ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ማለት ነው። ምግብ ቀረበ። አቶ ወልደየስ ቆመዋል። ጠላ ተቀዳ። ቆመዋል። ከዚህ በፊት የመጣው ሽማግሌ ሁሉ ሁለተኛ ተቀመጡ ሲባል ይቀመጥ ነበር። ዘርጋው እውነቱን ልናገር ወይስ ዝም ልበል እያለ ታመሰ። ልናገር ቢል የሰይፉ ነገር ሊበላሽ ነው፤ ዝም ቢል ያልተለካ ነገር ማሳለፍ ሁለተኛ ጊዜው ሊሆን ነው። መቀመጡ ከበደውና ተነሥቶ ከአቶ ወልደየስ ጎን ቆመ። መምህር ቸርነትም ተከተሉት።

የአቶ ጥላዬ ሚስት ወደ ባላቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ። የተናገሩት በደንብ ይሰማ ነበር፤ ሽበት ያለው ሰው በራችን ላይ ቆሞ ውሎ ቢረግመን ማን ያነሣልናል ነው ያሉት። አቶ ጥላዬ ጽዋቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ።

«የሰው አባት አቁሜ እህል አይወርድልኝም። ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

ሁለቱ ተቀመጡ። አቶ ወልደየስ ቆመዋል።

«ሰጠሁ እኮ አልኩ። ደግሞ ምን ቀረ?»

«ምንም አልቀረ፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ አቶ ወልደየስ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «መታጠፍ አልቻልኩም እንጂ።»

ያኔ ዘርጋው ሁሉንም ተናገረ። የሞላዎቹን ቁመት በጣት፣ የቦዮቹን ብዛት በቁጥር፣ የራሱንም ጥፋት ሳያስቀር፤ ጆንያ ሳይጭን መግጠሙን ማለት ነው። ቃልዎን መልሰው ቢወስዱ አይፈረድብዎትም ሲል ጨመረ። የአቶ ጥላዬ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቁ ነበር። ከአፌ የወጣ ወጥቷል አሉ።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ሙሽሮቹን ያመጣችው ያችው ነጭ መኪና ናት፤ በጥቁሮቹ ሞላዎች፣ አራቱም ጆንያ ተቀምጦባት ከተለካች በኋላ። ቀዮቹን ዘርጋው ግራሩ ላይ ሰቀላቸው። ደንበኛ ሲመጣ ያሳያቸዋል፣ ከዚያ ጥያቄውን ይጠይቃል። ጋራዡ እስኪፈርስ ድረስ፣ የባቡሩ ፊሽካ ከቆመም በኋላ፣ ነፋስ ሲመጣ እርስ በርስ እየተጋጩ ይጮኹ ነበር።

አባባሏ የተወለደችው ግን በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አቶ ወልደየስን ወደ ትልቁ መንገድ የሚያደርስ የፈረስ ጋሪ ተጠራ፣ የጤፍ ጭድ ተጎዘጎዘበት፣ አራት ሰው ደግፎ በጀርባቸው አስተኛቸው። አቶ ጥላዬ ሊሸኙ ወጥተው ነጭዋን መኪና ዞረው አዩዋት፤ ፓራፋንጎዋን ተጫኑ፣ ንቅንቅ አላለችም። ሰይፉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አቶ ጥላዬ ይህን ያህል ያማረች መኪና እንዴት እንዲህ ጨካኝ ልትሆን እንደቻለች ጠየቁ። ዘርጋው ሊያስረዳ ሲል አቶ ወልደየስ ከጭዱ ላይ እጃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው አስቆሙትና፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ፣ ቀስ ብለው መለሱላቸው፦

«ዓይን መረጠ፣ ወገብ ከፈለ።»